ኮምፒውተራችን ሥራ ገብቷል

የቤታችን ኮምፒውተር ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሥራ ይገባል። እማዬ ቦርሳ ውስጥ፣ በምሳ ዕቃዋና በጃንጥላዋ መካከል ተኝቶ፣ ባሕር ዳር ውስጥ ከሹም አቦ ሰፈራችን በባጃጅ ይሄዳል። ለምሳ አይመጣም። አመሻሽ ላይ፣ አስራ አንድ ተኩል ገደማ፣ ባትሪው ተሟጦ፣ ልክ እንደ እማዬ ደክሞት ይመለሳል። እኔም በር ላይ ቆሜ እጠብቀዋለሁ። መጀመሪያ ሰሞን እማዬ እሷን የምጠብቅ መስሏት ደስ ይላት ነበር።

ጓደኞቼ «ትናንት ኮምፒውተር ላይ ጻፍሽ?» ሲሉኝ «አይ፣ ትናንት ስብሰባ ነበረው፤ አምሽቶ ነው የገባው» እላቸዋለሁ።

ኮምፒውተር የምለው የእማዬን ስልክ ነው። እውነተኛ ኮምፒውተርም ነበረን፤ አባዬ አሮጌ ዕቃ ሲሸጥ ያገኘው፣ ሲነሳ እንደ ወፍጮ የሚጮህ። አንድ ቀን መብራት ሄዶ በድንገት ሲመለስ ጧ አለና ከጀርባው ቀጭን ጭስ አወጣ። አባዬ ፋብሪካ ውስጥ የማሽን ጥገና ሠራተኛ ስለሆነ ሌላ ሰው እንዲነካው አልፈቀደም። ሦስት እሑድ ሙሉ ፈታው፣ ገጠመው፣ እንደገና ፈታው። በሦስተኛው እሑድ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣና «አልተረፈም» አለን። እማዬ «ነፍስ ይማር» አለች። ቀብሩ ቁምሳጥን አናት ላይ ሆነ፤ ኪቦርዱና ማውዙም በፌስታል ተጠቅልለው አብረውት ተቀበሩ።

ከመቃብር ያወጣኋቸው እኔ ነኝ።

አባዬ ከፍላሽ ወደ ስልክ መዝሙር የሚገለብጥባት፣ ጥፍር የምታህል ማገናኛ አለችው። አንድ ቅዳሜ፣ እንዲሁ ልሞክር ብዬ፣ በእሷ በኩል ማውዙን እማዬ ስልክ ላይ ሰካሁት። ስክሪኑ ላይ አንዲት ትንሽ ቀስት ብቅ አለች። ማውዙን ወደ ግራ ስገፋው ቀስቷ ወደ ግራ ሄደች። ጮህሁ። እማዬ ከጓዳ «ምን ሰበርሽ?» አለች።

ከዚያ በኋላማ አባዬ ከእኔ ባሰ። ብዙ ቀዳዳ ያላት ሌላ ማገናኛ ፈልጎ አመጣ፤ በአንዱ ቀዳዳ ኪቦርዱ፣ በአንዱ ማውዙ፣ በአንዱ ወደ ቴሌቪዥን የሚሄደው ገመድ። የእማዬ ስልክ ከነሙሉ ሆዱ ቴሌቪዥኑ ላይ ተዘረጋ። በእንግሊዝኛ ፊደል ስመታው አማርኛ አድርጎ የሚያወጣልኝን መጻፊያ ጫንሁበት። ነጭ ገጽ ከፈትሁ። ስሜን ጻፍሁ። ስሜ የአባዬን ክንድ የሚያህል ሆኖ ሳሎናችን ውስጥ ቆመ። ሦስታችንም ቆመን አየነው።

ኪቦርዱ አንድ ጉድለት ብቻ አለበት። «መ» እና ዘመዶቿ ሁሉ የሚወጡባት ቁልፍ ወልቃ ጠፍታለች፤ አባዬ በቦታዋ የውኃ ፕላስቲክ ክዳን ቆርጦ ለጠፈባት። ደረቅ ናት። አልሄድም፣ አልበላም፣ አላውቅም ባልሁ ቁጥር ጣቴን ያመኛል። ስለዚህ እኔ የምጽፋቸው ሰዎች እሺ ማለት ያበዛሉ።

አንድ ነገር ግን አላሰብሁበትም ነበር። ደብተር ላይ ስጽፍ በክንዴ እሸፍናለሁ። ቴሌቪዥን በምን ክንድ ይሸፈናል? ሳሎናችን የገባ ሁሉ ያነባል። ጨው ልትበደር የመጣች ጎረቤታችን ሁለት አንቀጽ ቆማ አነበበችና «ልጅቷን ግን ለምን አስለቀስሻት?» ብላኝ ጨውዋን ይዛ ወጣች። በዚያ ላይ ስልኩ ስልክነቱን አልተወም። እማዬ ሲደወልላት ቴሌቪዥኑ ይጮኻል። መልእክት ሲገባላትም ጽሑፌ ላይ ይወጣል። አንድ አመሻሽ አባዬ ከጎኔ ተቀምጦ ሳለ የእማዬ የሥራ ባልደረባ «ባልሽ ያንን ቡኒ ሹራብ ዛሬም ለበሰው?» ብላ ጻፈች። አባዬ ቴሌቪዥኑን አየ። ከዚያ ሹራቡን አየ። ከዚያ እማዬን።

«እኔ እኮ ምንም አላልኋትም» አለች እማዬ።

«‹ዛሬም› ነው የሚለው» አለ አባዬ። «‹ዛሬም› ማለት የቆየ ወሬ ነው።»

መጀመሪያ በጣም አፍር ነበር። ሰው ከኋላዬ ሲቆም ጣቴ ይተሳሰር ነበር። እየቆየ ግን ጎረቤታችን ጨው ሳያልቅባት መምጣት ጀመረች። ደጃፉ ላይ ጫማዋን እያወለቀች «ልጅቷ ምን ሆነች?» ትለኛለች። እኔም ለእሷ ስል ልጅቷን አንድ ነገር እንድትሆን አደርጋታለሁ። ያን ሰሞን ነው፣ ለማንም ባልናገረውም፣ ጸሐፊ ነኝ ብዬ ያመንሁት።

የውድድሩ ማስታወቂያ የመጣውም ያን ሰሞን ነው። አንድ የወጣቶች የንባብ ክበብ ትምህርት ቤታችን ሰሌዳ ላይ ለጠፈው። አጭር ልብ ወለድ፣ በኮምፒውተር የተጻፈ፣ ከአምስት ገጽ ያልበለጠ፣ እሑድ ከምሽቱ አስራ ሁለት ሰዓት በፊት በኢሜይል የተላከ። ከታች በቀይ «በእጅ የተጻፈ አንቀበልም» ይላል። እኔ የምጽፈውን አውቄ ነበር። ስለ አያቴ ነው።

አያቴ፣ የእማዬ አባት፣ መሪጌታ ናቸው። ሴት አያቴ ካረፈች በኋላ ከጣና ደሴቶች ወደ አንዱ ገብተው እዚያ ቅኔ ያስተምራሉ። ድምፃቸው ወፍራም ነው፤ ሲያዩዎት ምንም ሳያጠፉ ይቅርታ መጠየቅ ያምርዎታል። እኒህ ሰው ውኃ ይፈራሉ። ዙሪያውን ውኃ በሆነ አገር ሰባት ዓመት ኖረው፣ ጀልባ ላይ ሲወጡ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ቅጠል የማይንቀሳቀስበት ቀን ቢሆን እንኳ ከመሳፈራቸው በፊት ባለ ጀልባውን «ነፋስ አለ?» ብለው ይጠይቃሉ። እማዬ አንድ ጊዜ አብራቸው ተሳፍራ አይታቸዋለች። ሽንኩርት እየላጥን ነው የነገረችኝ፤ «ለማንም እንዳትናገሪ» አለችኝ። አልተናገርሁም። ጻፍሁት።

እማዬ ቴሌቪዥኑ ላይ ስታነበው አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች። ከዚያ ትንሽ አሰበች። «ግድ የለም» አለች በመጨረሻ፤ «እሳቸው ኢሜይል የት አግኝተው ያያሉ?»

በተለይ መጨረሻው ያኮራኝ ነበር። ደብተሬ ላይ ቀድሜ ጽፌው አድሬ ደጋግሜ አነበብሁት። ማዕበል ይነሳል፤ መሪጌታው ጀልባዋ ላይ ብድግ ብለው ይዘምራሉ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ፍርሃታቸው ይጠፋል። ከታች ደግሞ አንድ አንቀጽ ምክር አለ፤ ቆራጥነትን፣ ጽናትን፣ ወጣቱን ትውልድ የሚመለከት። ያቺን አንቀጽ መስታወት ፊት ቆሜ አንብቤያታለሁ።

ችግሩ ጊዜ ነው። ኮምፒውተሩ ከሥራ በሚመለስበትና አባዬ ዜና በሚያይበት መካከል ያለችው ሰዓት ተኩል ብቻ የእኔ ናት። ሐሙስ ዕለት ገና ሦስት ገጽ ላይ ነበርሁ። ዓርብ እማዬ ገባችና «ቅዳሜ ዱርቤቴ እህቴ ቤት እንሄዳለን፤ የልጇ ክርስትና እሑድ ነው» አለች።

«ስልኩስ?»

«ስልኩ ምን?»

«እሑድ እኮ ነው የምልከው!»

እማዬ ጫማዋን እያወለቀች አየችኝ። «ታዲያ ኮምፒውተሩ ክርስትና ተጠርቷል። አንቺም ተጠርተሻል። ኪቦርድሽን ይዘሽ ነይ።»

አባዬ ተረኛ ስለነበር ቀረ። እኔ ኪቦርዱን በነጠላ ጠቅልዬ፣ ማውዙን ካልሲ ውስጥ፣ ገመዱን ለሕፃኗ በተገዛው ፎጣ መሐል አድርጌ ሚኒባስ ተሳፈርሁ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ጥቅሉን በዓይናቸው ሲመዝኑት ቆዩና «በገና ነው እንዴ ልጄ?» አሉኝ። «ኪቦርድ ነው» ስላቸው «እሱም ጥሩ ነው፤ በርቺ» አሉኝ።

ቅዳሜ አንዲት ፊደል አልጻፍሁም። ነጭ ሽንኩርት ስፈለፍል ዋልሁ። ስልኩም እማዬ ጆሮ ላይ ተጣብቆ ዋለ፤ ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ጠላው ሁሉ በእሱ በኩል ነው የመጣው። እሑድ በማለዳ ቤተ ክርስቲያን ሄደን ሕፃኗ ክርስትና ተነሳች፤ ውኃው ሲነካት የአክስቴን ሰፈር የሚቀሰቅስ ጩኸት ጮኸች። «በአያቷ ነው የወጣችው» አለች እማዬ በጆሮዬ። አያቴ አልነበሩም። አገልግሎት ስላለባቸው አይመጡም ተብሏል። እኔና እማዬ ትክክለኛውን ምክንያት የምናውቅ መስሎን ተያየን።

ምሳ ተበልቶ እንግዳው ቀለል ሲል ስምንት ሰዓት ሆነ። ስልኩን ይዤ ወደ አንድ ጥግ ልሸሽ ስል እማዬ ያዘችኝ። ሳሎኑ ውስጥ አክስቴ፣ ባልዋና ገና ያልሄዱ ጎረቤቶች ተቀምጠዋል።

«ልጄ ስልክን ኮምፒውተር ታደርጋለች» አለች እማዬ፣ በሬ የጣልሁ ይመስል ትከሻዬን ይዛ።

«እስቲ!» አለ የአክስቴ ባል። «የእኛን ቴሌቪዥን እንዳታፈነጂው ብቻ።»

ምን ልበል? ሰካሁት። ስልኩ ደግሞ ትቼው የሄድሁትን ነገር ነው የሚከፍተው። ታሪኬ፣ ከነርእሱ፣ ዱርቤቴ ላይ ተዘረጋ።

አክስቴ ቀስ ብላ ነጠላዋን አስተካከለች፤ ጸጉሯንም ወደ ውስጥ ገፋ አደረገች።

«ይህን ጎረቤትም እያየው ነው?»

«የለም አክስቴ፤ እዚህ ቤት ብቻ ነው።»

«እርግጠኛ ነሽ? ያቺ ማዶ ያለችው ቴሌቪዥኗን ከፍታለች እኮ።»

«እሷ ድራማ ነው የምታየው።»

«አይ፣ ልጠይቅ ብዬ ነው» አለችና ነጠላዋን ግን አላላላችውም።

የአክስቴ ባል ዜና አንባቢ ይመስል ጉሮሮውን ጠርጎ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ። የተጻፈውን ሲጨርስ እኔ ቀሪውን ከደብተሬ እገለብጣለሁ፤ እሱም ከኋላዬ እየተከተለ ያነባል። ሰው ይስቃል። መሪጌታው ጀልባ ላይ እግራቸውን አንስተው መልሰው ወደ ምድር ሲያወርዱት አንድ ሽማግሌ ዓይናቸው እስኪያነባ ሳቁ። እኔ ደግሞ ልቤ እንደ ሳሙና አረፋ ከፍ ከፍ እያለ ነው። ማን መሆናቸውን ከእኔና ከእማዬ በቀር የሚያውቅ የለም፤ አክስቴ እንኳ አባቷ ውኃ ይፈራሉ ብላ አስባ አታውቅም። ማዕበሉን ጨረስሁ። ምክሯን ጻፍሁ። የመጨረሻዋን አራት ነጥብ ልመታ ስል ከደጅ፦

«ቤቶች!»

ያንን ድምፅ በዓለም ላይ የሚሳሳተው የለም።

ሳሎኑ በሙሉ ብድግ አለ። አያቴ በአንድ እጃቸው መቋሚያ፣ በአንድ እጃቸው ጥቁር ጃንጥላ ይዘው በሩን ሞልተውት ቆመዋል። አክስቴ እልል እያለች ጉልበታቸውን ልትስም ወረደች።

«ኧረ አባባ! አይመጡም ብለውን! በምን መጡ?»

«በምን እመጣለሁ? ቅዳሴ እንደወጣ በጀልባ፣ ከዚያ በሚኒባስ። የልጅ ልጄ ክርስትና ትነሳና እኔ ደሴት ላይ ልቀመጥ?»

እማዬን አየኋት። እማዬ ቴሌቪዥኑን አየች። ቴሌቪዥኑ ላይ፣ ከእልፍኝ ሆኖ በሚነበብ ፊደል፣ የአንድ መሪጌታ እጅ ይንቀጠቀጣል። እማዬ ሮጣ ሄዳ ከፊቱ ቆመች፤ ነጠላዋንም በሁለት እጇ ዘረጋችው።

«አንቺ ምን ሆነሽ ነው እንደ መጋረጃ የተዘረጋሽ?» አሏት።

«ኧረ ምንም አባባ… ሞቆኝ ነው።»

«ከሞቀሽ ነጠላውን አውልቂው እንጂ ምን ትዘረጊዋለሽ። ተቀመጪ።»

ተቀመጠች። አያቴም ተቀመጡ። መነጽራቸውን ከኪሳቸው አወጡ፤ በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉት፤ አደረጉት። እጄ ወደ ገመዱ ሄደ።

«ተይው፤ ከመጀመሪያው አሳዪኝ» አሉኝ፣ እኔን ሳያዩ።

አነበቡ። አያቴ ሲያነቡ ከንፈራቸው አይንቀሳቀስም፤ ቅንድባቸው ብቻ ነው። በዓይናቸው ሲያመለክቱኝ ገጹን በማውዝ ወደ ታች እስባለሁ። የሳቀ ሰው የለም። አንዳንዱ ገብቶታል፤ ያልገባውም የገባውን አይቶ ሳቁን ይዟል። አያቴ ገና ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ «ነፋስ አለ?» የሚለው ላይ ሲደርሱ ቴሌቪዥኑ ጠቆረ።

መብራት ጠፋ። በሕይወቴ መብራት ስለጠፋ አምላኬን ያመሰገንሁት ያን ዕለት ብቻ ነው።

«ቀጥዪ» አሉ አያቴ።

«አባባ፣ መብራት እኮ ጠፋ።»

«እኔ መብራት አልጠየቅሁሽም። ቁሚና ንገሪኝ።»

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ቅኔ ቤት ውስጥ ተማሪው ያዘጋጀውን ቅኔ በወረቀት አያቀርብም፤ መምህሩ ፊት ቆሞ በቃሉ ይናገራል፣ ጓደኞቹ ይሰማሉ፣ መምህሩ እዚያው ያርመዋል ወይ ይመልሰዋል። አያቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ የኖሩት በዚያ ነው። ቴሌቪዥኑን ለእኔ ትተውልኛል፤ አሁን ወደ እሳቸው ቤት ልገባ ነው።

ቆምሁ። እንዳትልኪው ካሉኝ አልልከውም፤ ቆሜ ሳለሁ ይህን ወሰንሁ። ምሥጢሩ የእሳቸው ነው። ግን እንዲህ እንዳይሉኝ የፈለግሁትን ያህል በሕይወቴ ምንም ነገር ፈልጌ አላውቅም። ሰዓቱም አስር ሊሆን ነው።

ነገርኋቸው። ደግነቱ በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ያን ሁሉ «መ» በጣት እየመቱ ጽፎ የሚረሳ የለም። ጀልባውን፣ እጃቸውን፣ ዓይናቸውን ጨፍነው መዝሙር ሲያንጎራጉሩ፣ ማዕበሉን፣ ድሉን። ምክሯን ስደርስ ድምፄን ወፈር አደረግሁት።

«ጨረስሽ?»

«አዎ አባባ።»

«ይህ መሪጌታ ማን ነው?»

«አባባ፣ እኔ ነኝ የነገርኋት…» አለች እማዬ።

«አንቺን አልጠየቅሁም።»

«እርስዎ ነዎት» አልሁ።

የአክስቴ ባል ሳል ጀመረው። አያቴ መነጽራቸውን አወለቁ።

«መቼ ነው ያሸነፍሁት?»

«ምኑን አባባ?»

«ፍርሃቱን። አሸነፈ ብለሽ ነገርሽን እኮ። ምነው እኔ ሳልሰማ? ዛሬ ጠዋት እኮ አብሮኝ ነበር የተሳፈረው።»

መጀመሪያ የሳቁት እኒያ ሽማግሌ ናቸው። ከዚያ ቤቱ በሙሉ። እማዬ በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። አያቴ አልሳቁም፤ ግን ጢማቸው በአንድ በኩል ከፍ አለ።

«ደግሞ ዓይኑን ጨፈነ አልሽ። ማን ጨፈነ? ብጨፍንማ ውኃው ይበዛል።»

«ታዲያ ምን ያያሉ?» አልሁ። መፍራቴን ረስቼው ነበር፤ ማወቅ ብቻ ፈለግሁ።

«ባለ ጀልባው ጃኬት ላይ» አሉ፣ «ከትከሻው ዝቅ ብሎ፣ አንዲት የተፈታች ቀይ ክር አለች። እሷን አያለሁ። ሰባት ዓመት አየኋት። ሚስቱ አንድ ቀን የቆረጠቻት እንደሆነ ምን እንደሚውጠኝ እኔ አላውቅም።»

«ተማሪዎችዎ ይህን ቢሰሙስ አባባ?» አለች አክስቴ፣ አሁንም ማዶ ያለችውን ጎረቤት በልቧ ይዛ።

«ተማሪዎቼ? እነሱማ ስሳፈር ለማየት ነው ሐይቁ ዳር የሚወርዱት። ሌላ ምን መዝናኛ አላቸው?»

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ይህቺ ነገር መልካም ናት። ጅራቷን ግን ቁረጪ። ማዕበሉም ይውጣ፣ ምክሩም ይውጣ።»

«ምክሯ እንኳ ትቅርልኝ አባባ። በጣም ነው የምወዳት።»

«ያስታውቃል» አሉ። «ትውጣ።»

መብራቱ አልተመለሰም። አያቴ ለካ ቀስ ብለው ነው የሚያርሙት፤ ዓይኑን ትተው ስለ ጀልባው መቀመጫ፣ መቀመጫውን ትተው ስለ መቋሚያው አያያዝ፣ አንድ በአንድ መለሱኝ፤ ሰዓቱ አስራ አንድ ሆነ። እውነተኛው ኮምፒውተር ቢሆን ኖሮ ከመብራቱ ጋር አብሮ ሞቶ ነበር። የእኔ ግን እጄ ላይ አለ፤ ባትሪው አስራ ሦስት ፐርሰንት ነው፣ ኪቦርዱም ከዚያችው ይጠጣል። ቤት ውስጥ ኔትወርክ የለም፤ ግቢው መሐል ነው ያለው። ወጣሁ። የልብስ ማጠቢያ ገበቴ ደፋሁ፣ ስልኩን ላዩ ላይ ብርጭቆ አስደግፌ አቆምሁት፣ ኪቦርዱን ጭኔ ላይ አደረግሁ። የአመሻሹ ፀሐይ ስክሪኑ ላይ ተኝታ ከራሴ አፍንጫ በቀር የሚታየኝ ነገር አልነበረም።

ድንገት ጥላ መጣ። ቀና ስል አያቴ ጥቁሩን ጃንጥላቸውን ዘርግተው ስልኩ ላይ ይዘውልኛል።

«ጻፊ» አሉ።

ዓይን የተጨፈነበትን ሁሉ ፈልጌ ከፈትሁት። ክሯን አስገባሁ። ከዚያ ወደ መጨረሻው ወረድሁ፤ ማዕበሉንና ምክሯን አንድ ላይ መርጬ አጠቆርሁና አንዲት ቁልፍ ነካሁ።

«የት ሄደች?» አሉ አያቴ ጎንበስ ብለው።

«ጠፋች።»

«ጨርሳ? ምልክት እንኳ?»

«ምልክትም የላትም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ብራና ላይ ስህተት በምላጭ ሲፋቅ ቦታው ሻካራ ሆኖ ይቀራል። የተማሪውን ስህተት በጣትሽ ታውቂዋለሽ። ይሄስ በምን ይታወቃል?»

በዚህ መሐል ስልኩ ጮኸ። የሰው ስም የተጻፈበት ሰሌዳ ታሪኬን ሸፈነው።

«አለቃዬ ናቸው!» አለች እማዬ ከደጃፍ። እጇ ወደ ስልኩ መጣ፤ ባትሪውን አየች፤ እኔን አየች፤ አባቷን ከነጃንጥላቸው አየች። እጇን መለሰች። «ይጥሩ» አለች። «በኮምፒውተር ሥራ ይዣለሁ።»

ጥሪው ሲያበቃ አዲሱን መጨረሻ ጻፍሁ። «መሪጌታው ተሳፈሩ። ክሯን ፈለጉ። አገኟት።» በሦስቱም ውስጥ ጣቴን ያመመኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ላክሁት። አንዲት ክብ ዞረች፣ ዞረች፣ ዞረች። ለአስራ ሁለት ሩብ ጉዳይ ሲል «ተልኳል» አለ። ባትሪው አራት ላይ ነበር።

«ሄደ?» አሉ አያቴ።

«ሄደ አባባ።»

«ውኃ ይሻገራል?»

«አይሻገርም።»

«ዕድለኛ ነው» አሉና ጃንጥላቸውን አጠፉ።

ሰኞ በማለዳ ሦስታችን ወደ ባሕር ዳር ተመለስን። እማዬ ሥራ ከመግባቷ በፊት አያቴን ሐይቁ ዳር ልናደርሳቸው ወረድን። ጣና እንደ ተነጠፈ አንሶላ ጸጥ ብሏል፤ ጀልባዋ ገና በገመድ እንደታሰረች ነበር። እዚያው እማዬ ቦርሳ ውስጥ ስልኩ ጢን አለ። አውጥታ አነበበችልኝ፤ የንባብ ክበቡ ነው፣ ጽሑፍሽ በሰዓቱ ደርሶናል ይላል። ሳመችኝ፤ አባቷንም ተሰናበተች፤ ሰዓቷን አየችና «ኧረ ረፈደብኝ!» ብላ ባጃጅ ይዛ ሄደች።

አያቴ መቋሚያቸውን አንዴ ምድሩ ላይ፣ አንዴ ጀልባዋ ላይ አደረጉት። እጃቸው ተንቀጠቀጠ። አሁን እኔ እንደማውቅ ያውቃሉ፤ አልደበቁኝም።

«ነፋስ አለ?» አሉ።

«ኧረ የለም አባቴ» አለ ባለ ጀልባው። «ጣና ተኝቷል።»

ተሳፈሩ። መሐለኛው ጣውላ ላይ ተቀመጡ። ባለ ጀልባው ገመዱን ሊፈታ ጀርባውን ሲሰጠን ክሯን አየኋት። እኔ በሐሳቤ የጻፍኋት አጭር ናት። እውነተኛዋ ግን ስንዝር ታህላለች፤ ቀለሟም ከቀይ ወደ ቡኒ ሄዷል። እና ትንቀሳቀስ ነበር። ቅጠል ዝም ባለበት፣ ውኃው ዝም ባለበት፣ ክሯ ብቻ በቀስታ ወደ ምሥራቅ ዘንበል ቀና ትላለች።

አያቴን አየኋቸው። እሷን እያዩ ነው። ከዚያ መቋሚያቸውን ጠበቅ አድርገው ያዙና ወደ አንድ በኩል ትንሽ ፈቀቅ ብለው ተቀመጡ።

ለካ ባለ ጀልባውን የሚጠይቁት ለወጉ ነው። መልሱን የምትነግራቸው ክሯ ናት። ሰባት ዓመት ሙሉ።

ጀልባዋ ተነሳች። አያቴ ዞረው አላዩኝም፤ መቋሚያቸውን ብቻ ከፍ አደረጉልኝ። እኔ ግን ወደ መንገዱ እየሮጥሁ ነበር። የታሪኬ እውነተኛ መጨረሻ አሁን ገና ነው የተገኘው፣ አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ናት፣ ዕርማት ይቀበሉኝ እንደሆነ ለክበቡ ልጽፍላቸው፣ አሁኑኑ፣ ሳይጠፋብኝ! አስፋልቱ ጫፍ ላይ ደርሼ ቆምሁ።

ባጃጇ የለችም። ኮምፒውተሩ ሥራ ገብቷል።